ጭቃ የሚነክስ ጎማ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የባምላክን ሞተር ሳይክል የማያውቅ የለም። ቀይ ነው፤ ግዙፍ ነው። አባቱ አቶ አስማማው ከአዲስ አበባ በአይሱዙ አስጭነው ሲያስመጡት የሰፈሩ ሰው ሥራ ፈትቶ ወጥቶ አይቶታል። ከመኪናው ለማውረድ አራት ጎረምሳ ላብ በላብ ሆነ።

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» አለ ከተማው።

አቶ አስማማው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ የቀረው ሰው ይሄው አንድ ልጃቸው ነው፤ የጠየቀውን እምቢ ሲሉት የሰማ የለም። ልጁ አንድ ጊዜ በተዋሰው አሮጌ ሞተር ተወዳድሮ ሁሉንም አስከትሎ ገባ። ከዚያ በኋላ አባት ቦርሳቸውን ከፈቱ። ቀዩን ሞተር ገዙለት። ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት በወፍራም ቆዳና በብረት አለበሱት። አሠልጣኝም ከአዲስ አበባ አስመጡለት፤ በአስፋልት ላይ ስመ ጥር የነበረ ሰው።

ሥራነሽ ይሄ ሁሉ የላትም። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። የክትባት ሳጥኗን ከኋላዋ አስራ ከአማኑኤል ከተማ ወዲያ ያሉትን ቀበሌዎች ክረምት ከበጋ በሞተር ታዳርሳለች። የምትወዳደርበትን ሞተር መሥሪያ ቤቷ አርጅቷል ብሎ በጨረታ ሲሸጠው ነው የገዛችው። ጭቃ ላይ ስትነዳ ግን ገበሬው በሬውን ትቶ እሷን ያያል።

የዘንድሮው ውድድር ከወትሮው ይለያል። ከአዲስ አበባ አንድ የውድድር ቡድን መጥቶ አንደኛ የወጣውን ይወስዳል፤ ወጪውን ሁሉ ችሎ ያሠለጥናል፤ ከዚያ ኬንያ፣ ከኬንያ ወዲያ የት እንደሚያደርሰው እግዜር ይወቅ። የሚወስደው ግን አንድ ሰው ነው፤ እሱም ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው። ሥራነሽና ባምላክ እኩዮች ናቸው፤ ሁለቱም በመስከረም ይሞላቸዋል። ዘንድሮ ያመለጠው አመለጠው።

አቶ አስማማው በዚያ ሳምንት አላረፉም። ዳኞቹን ምሳ ጋበዙ። «አደራ፣ ለማንም እንዳታዳሉ» ሲሏቸው አስተናጋጇ በጆሮዋ ሰምታለች። ከተማው ሳቀ። ነጋዴ እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ማን ይጠፋዋል?

ከዚያ ወደ ጎሚስታው ጥሩሰው ቤት ብቅ አሉ። ሥራነሽ ሞተሯን አጋድማ ታጥባለች። አቶ አስማማው ሁለት አዲስ ጥርሳም ጎማ አስይዘው ነው የመጡት።

«ይሄን ግጠሚበት፣ ልጄ። ያንቺ ጥርሱ አልቋል። ሐምሌ ነው፣ ያዳልጥሻል።»

«ዋጋው ስንት ነው፣ ጋሼ አስማማው?»

«ማን ዋጋ ጠየቀሽ?»

«ታዲያ ለምን?»

አቶ አስማማው ጎማውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። «በጎማ ተሸነፈች እንዳይባል ነው» አሉና ሄዱ።

ጥሩሰው እስኪርቁ ጠበቀ። «እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይሄ ነው» አለ። «ለልጁ ባላጋራ ጎማ የሚያድል ነጋዴ የት አየሽ? መሃል መንገድ ላይ ሊፈነዳብሽ ነው።»

ከጎማው ጋር የመጣውን ከመነዳሪ ነፍቶ ውሃ ውስጥ ነከረው፤ አንድ አረፋ አልወጣም። ጎማውን ከውስጥም ከውጭም ዳሰሰው፤ እንከን የለውም። እንከን ማጣቱ ይበልጥ አስፈራው።

ሥራነሽም ፈርታለች። አሮጌውን ጎማዋን አየች፤ መላጣ ነው።

«በዚህኛው እንደምሸነፍ አውቀዋለሁ» አለች። «በአዲሱ ግን ገና አላወቅኩም። ግጠመው።»

የውድድሩ ዕለት ሰማዩ ዶፉን አወረደው። አቶ አስማማው ልጃቸውን ገንፎ በቅቤ ሁለቴ አስደግመው፣ ቆዳውን አልብሰው፣ ራሳቸው አጅበው አመጡት።

ጠጠሩ መንገድ ላይ ባምላክን የሚደርስበት አልተገኘም። ቀዩ ሞተር እያጓራ ሁሉንም ጥሎ ሄደ። ዋልካው ጋ ሲደርስ ግን ጥቁሩ አፈር ጎማውን ዋጠው። ባምላክ ታገለ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ሦስቴ ወድቆ ነበር። እሱ ግን አልወደቀም፤ ብቻ እየሰመጠ ዘገየ።

ሥራነሽ በአጠገቡ ስታልፍ ጥርሷን ነክሳ ፍንዳታውን እየጠበቀች ነበር። ጎማው አልፈነዳም። ጭቃውን እየነከሰ ይዟት ሄደ፤ አንደኛም አስገባት።

ያን ዕለት በከተማው የልፋት እንጂ የገንዘብ ስም በክብር የጠራ አልነበረም። አቶ አስማማው አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሲያሟቸው የከረሙት ሁሉ ሳይቀሩ አዘኑላቸው።

በወሩ ኪዳነ ምሕረት ሥራነሽ ልትሰናበት ቤተ ክርስቲያን ሄደች። በማግስቱ አዲስ አበባ ትገባለች፤ ደስታው ገና እንቅልፍ አልሰጣትም። ቅዳሴው አብቅቶ ሕዝቡ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሟል፤ ስለት የሚያስገባ ያስገባል።

አቶ አስማማው ዘርፉ የሚያብለጨልጭ ትልቅ ጃንጥላ ተሸክመው መጡ። ከኋላቸው ባምላክ አለ። ሱቅ ውስጥ መሥራት ጀምሯል፤ ፊቱ እንዳኮረፈ ነው።

«ደግሞ ምን ሰምሮላቸው ነው?» አለ ጥሩሰው።

«ልጃቸው ሳይሰበር ስለገባ ይሆናል» አለች ሥራነሽ። እውነትም አንጀቷን በሏት።

ዲያቆኑ ከመርጡለ ማርያም በቅርቡ የመጣ፣ የከተማውን ወሬ የማያውቅ ወጣት ነው። አቶ አስማማው ጠጋ ብለው በጆሮው አንሾካሾኩለት። እሱም ራሱን ነቀነቀና ድምፅ ማጉያውን ወደ አፉ አስጠጋ።

«አቶ አስማማው ‹እመቤቴ፣ አንድ ልጄ በሞተር ውድድሩ ተሸንፎ ከቤቴ ባይወጣብኝ› ብለው የተሳሉትን ጃንጥላ፣ ስለታቸው ሰምሮላቸው ይኸው ይዘው ቀርበዋል፤ እልል በሉ።»