ከመኪናው ኋላ የፈሰሰ ውሃ

ዙሃይራ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ውሃ ይዛ ከበሯ ስትወጣ፣ እንግዳዋ ከሚስቱ ጋር መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀምጦ ነበር። ዓመት በሕይወት እንደማይቆይ ሐኪሞቹ ነግረውታል። የቀርቀና ደሴትን ባሕር አንድ ጊዜ ደግሜ ልየው ስላለ፣ ሚስቱ ከቱኒስ ነድታ፣ መኪናውን በመርከብ አሻግራ አመጣችው። በየዓመቱ የሚያርፉት ዙሃይራ ቤት ነበር። ሲሄዱም ከመኪናቸው ኋላ ውሃ ታፈስስላቸዋለች፤ ውሃ የፈሰሰለት መንገደኛ ተመልሶ ይመጣልና። ዘንድሮ ግን ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«ምነው ዙሃይራ፣ ውሃም ተወደደ እንዴ?» አላት በመስኮቱ።

«ዝም በል አንተ! ምን አስቸኮለህ? ለከርሞ አሣውን የምትጠብሰው አንተ ነህ።»

«ይሻላል። አንቺማ አሳርረሽ ፈጀሽን።»

ሣቀችለት፤ ውሃውን ግን አላፈሰሰችም። በሩን ከፍቶ ወረደ። ሳህኑን ከእጇ ተቀበላትና፣ ሚስቱ በተቀመጠችበት በኩል ካለው ጎማ ኋላ ውሃውን ቀስ አድርጎ አፈሰሰው። በአገሩ ልማድ ውሃ የሚያፈስሰው የሚቀር ሰው ነው፤ ተጓዥ አፍስሶ አያውቅም። ዙሃይራ ልትከለክለው እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። ሚስቱ መሪውን ጨብጣ ሁሉንም በመስታወቱ አየች።

ተመልሶ ከጎኗ ተቀመጠ። «ንጂ እንጂ፣ መርከቡ ያመልጠናል» አላት።

«ብቻዬን አልመጣም» አለችው፣ ፊቷን ሳታዞር።

«ውሃው አንዴ ፈስሶልሻል» አላት።