ወደ ጉዛራ፣ በሞጣ በኩል

ጋሼ ታዘበው የደወሉት ዘመነ ቢቸና ከተማ ቢሮው ውስጥ የመሬት ልኬታ ሲያስተካክል ነው። የደወሉት በእናቱ በይርጋነሽ ስልክ ነበር። ካርድ አልቆባቸው ይሆናል ብሎ አሰበ።

«መርዶ አለ» አሉት አጎቱ። «ነገ በጠዋት ከስንቄ ጋር ሞጣ ኑ፤ እናትህ ቤት። ለስንቄ ምንም እንዳትነግራት።»

«ማን ነው የሞተው?»

«አልነግርህም። አንተ ፊትህ መደበቅ አይችልም። ሰበብ ፈልግና ኑ።»

የዘመነ አክስት እትዬ ስንቄ ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ ፍቅረ ሥላሴ። እንፍራዝ አጠገብ፣ ኮረብታው ላይ ባለው የጉዛራ ቤተ መንግሥት አስጎብኚ ነው። ዘመነ ደወለለት። ስልኩ ዝግ ነው። ደግሞ ደወለ። ከዚያ ወዲያ አልሞከረም።

ማልቀስ ነበረበት፤ እንባ አልመጣለትም። እናቱን ሊጠይቃት አሰበና ተወው። እሷ ከእህቷ የምትደብቀው ነገር የለም።

ሰበቡ አላስቸገረውም። እህትማማቾቹ ልጁ የሚሠራበትን ቤተ መንግሥት ለማየት ከተመኙ ቆይተዋል። ዘመነም ጉዞውን ለጥቅምት አቅዶት ነበር፤ ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ሲደርቅ። መኪናውን፣ ማደሪያውን፣ ዳገቱ ለጉልበታቸው ይከብድ እንደሆነ ሁሉ ጠይቆ ጨርሷል። የሚቀየረው ቀኑ ብቻ ነው።

ከሥራ ሲወጣ እትዬ ስንቄ ደጃፋቸው ላይ ሰፌድ ታቅፈው ተቀምጠው አገኛቸው። ሰፌዱ ባዶ ነበር።

«እትዬ፣ ጉዛራን ነገ ብንሄድስ?»

«እንሂድ።»

ለምን እንደቸኮለ ቢጠይቁት ብሎ ያዘጋጀው መልስ አፉ ውስጥ ቀረ።

«በሞጣ በኩል ነው። እናቴንም ይዘናት እንሄዳለን።»

እትዬ ስንቄ ሰፌዱን ገለበጡት። «አዎ፣ መጀመሪያ እሷ ጋ ነው» አሉ።

«ትንሽ ዳገት አለው። ግን እያረፍን ብንወጣ…»

«አንተ ልጅ፣ ድንጋዩንም ሜትር ይዘህ ልትለካው ነው?»

እንደ ልማዳቸው ይስቃሉ ብሎ ጠበቀ። አልሳቁም። ስለ ልጃቸውም አንድ ነገር አላነሱም። ዘመነ ለዚህ አምላኩን አመሰገነ።

በማግስቱ ሊወስዳቸው ሲመጣ ፍርፍር ቀርቦ ጠበቀው።

«ብላ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ አልራበኝም። አንተ ብላ፣ መንገድ ነው።»

እስኪጨርስ አጠገቡ ቆሙ። መርዶ የሚረዳ ሰው ባዶ ሆዱን እንዳይሰማ ቀድሞ እንደሚበላ ዘመነ ያውቃል። እሳቸውን ማብላት የነበረበት እሱ ነው፤ ይህን አስቀድሞ ባለማሰቡ ራሱን ወቀሰ። «እስቲ አንድ ጉርሻ» ቢላቸው እጁን መለሱት።

ሚኒባሱ ውስጥ እጁን እንደያዙ ተቀመጡ። ደብረ ወርቅ ሲደርሱም አልለቀቁትም። ዘመነ ዝም ካለ የሚያመልጠው እየመሰለው ስለ ቤተ መንግሥቱ አወራ፤ ከላይ ጣና እንደሚታይ፣ እናቱ የትኛው መስኮት ሥር ቆማ ፎቶ እንደምትነሳ። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስለው ነበር።

«ይርጋዬ ፎቶ ትወዳለች» አሉ እትዬ ስንቄ፤ ወደ መስኮቱም ዞሩ።

ሞጣ ሲቃረቡ ነጠላቸውን አውልቀው እንደገና ለበሱት፤ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው፣ ለሐዘን እንደሚለበሰው። ዐውቀዋል፣ ፊቴ አሳበቀብኝ፣ አለ ዘመነ በልቡ።

የእናቱ ግቢ በር ላይ ዘመዶች ቆመዋል። ዘመነ እናቱን በመካከላቸው በዓይኑ ፈልጎ አጣት። ዘመነ እትዬ ስንቄ ቢወድቁ ሊደግፋቸው ወገባቸውን ያዘ።

ፍቅረ ሥላሴ ከግቢው ወጣ፤ እናቱን እትዬ ስንቄን አልፎ መጣና ዘመነን ከኋላው በሁለት ክንዱ ጥብቅ አድርጎ ያዘው።