የወርዶፋ አባት

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በልጅቷ አጎት ቤት የተገኙት ሁለት የወንዱ ሽማግሌዎችና አጎትየው ነበሩ። ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ታዳምጣለች። እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል።

«ቶሎ ዘር ቁጠሩና ጠላውን እንቅመስ» አለ አንደኛው።

ሌላው፣ የልጁ ዘመድ የሆኑት አዛውንት፣ የልጁን ወገን ቆጠሩ። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ግን ቆም አሉ።

«ይኸኛው ወልደ ኤልያስ የሚባል ወንድም ነበረው። ሃይማኖትህን ካድ ቢሉት አልክድም ብሎ ተሰደደ። አባቶቼ ሲፈልጉት ሞቱ፤ እኔም እስከ ዛሬ እፈልገዋለሁ።»

አጎትየው ስሙን ያውቀዋል። ወልደ ኤልያስ በስደት አገር ስሙን ለውጦ ወርዶፋ ተብሎ የኖረ ቅድመ አያቱ ነው። ይህን ምስጢር አባቱ ሊሞት ሲል ነግሮታል።

«የእናንተስ አምስተኛ ማነው፣ ልጄ?»

«ወርዶፋ።»

«የወርዶፋስ አባት?»

መጋረጃው ሲንቀጠቀጥ አየ።

«ጉደታ። የዚሁ አገር ሰው ነው።»

አዛውንቱ የወገናቸውን መልክ እንደሚፈልጉ ሁሉ ፊቱን አተኩረው አዩት።

«እንግዲያው ባዳ ነን። ልጆቹን ይባርክልን» አሉ።

ሲሰናበቱ አጥብቀው አቀፉትና በጆሮው፣ «ደኅና ሁን፣ የወልደ ኤልያስ ልጅ» አሉት።

ሠርጉ በጥር ተደረገ።