«ላክ» የምትለዋ ቁልፍ

ለአለቃው ለወይዘሮ ጥሩአየር በንዴት የጻፈው የሥራ መልቀቂያ አልቋል፤ «ላክ» የምትለዋ ቁልፍ ግን የለችም። አሮጌ ላፕቶፑ ላይ ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሲስተም ከጫነ ወዲህ ስክሪኑ ሁሉን እያገዘፈ ታችኛውን ክፍል ይቆርጥበታል። ሲነካካ አለቃው ከኋላው ደረሱ።

«ምን ሆነህ ነው?»

ደብዳቤውን በድንጋጤ ደበቀና፣ «መልእክት መላኪያዋ ጠፋችብኝ» አለ።

«የስክሪኑ ልክ፣ ሬዞሉሽኑ ነዋ! ተነሥ እስቲ» ብለው ተቀመጡና እንደ ልጃቸው እያስረዱ ያስተካክሉለት ጀመር። ስክሪኑ ጥርት ሲል የእሱም ንዴት በረደ። እኚህን ሴትዮ ነው በደብዳቤው «ሰው አይደሉም» ያላቸው?

«ይኸው፣ ቁልፍህ መጣችልህ» አሉ፣ ደብዳቤውን መልሰው ከፍተው።

«ይተዉት፣ እኔ...»

«አይዞህ፣ የሰው ደብዳቤ አላነብም።» ዓይናቸውን ቁልፏ ላይ ብቻ ተክለው ተጫኑለት።

ወዲያው ቦርሳቸው ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ።