ግማሽ ለውዝ ያለባት

ወንጌላዊት ደብረ ማርቆስ ተድራ በገባች በሦስተኛው ወር አማቷ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ከከረሜላዎቹ መሀል አንዷን ለብቻዋ ሲሠሯት አየቻቸው።

ከረሜላውን አማትና ምራት ለሱቆች ነበር የሚሠሩት። ለውዙ ተቆልቶ፣ ገለባው ተራግፎ፣ ቅቤ እስኪመስል ይፈጫል። ከደቀቀ ስኳር ጋር ይታሽና ይድቦለቦላል። ከዚያ በፈላ ውሃ እንፋሎት በቀለጠ ቸኮሌት ተነክሮ ትሪ ላይ ይደረደራል። መጋገሪያም ማቀዝቀዣም አይፈልግም፤ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ ብቻውን ያደርቀዋል። ወተት የለበትምና በጾምም ይበላል።

ያን ቀን ወንጌላዊት ውሃ ቀድታ ስትመለስ የማድ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ጀርባቸውን ሰጥተው ከመቀነታቸው ጥቅል ወረቀት ፈቱ። ነጭ ነገር አወጡና በማንኪያ ጀርባ አደቀቁት። ዱቄቱን አንዷ ድብልብል ሆድ ውስጥ ሲቀብሩት ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ቸኮሌት ካለበሷት በኋላ ግማሽ ለውዝ አናቷ ላይ ለጠፉባት።

አመሻሹ ላይ አምሳሉ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ሲመለስ እናቱ ያቺኑ በትንሽ ሳህን አቀረቡለት። ዛሬም እንደ ሕፃን ታዪኛለሽ ብሎ እየሳቀ ጎረሳት። እሳቸው እስኪውጥ ድረስ ዓይናቸውን ከፊቱ አላነሡም።

ወንጌላዊት ከዚያ ቀን ጀምራ መከታተል ያዘች።

በየቀኑ እናቱ አንዲት ይሠሩለታል። በየቀኑ እሱ ይበላታል። ከበላ በኋላ ይደነዝዛል፤ ወሬ ስትጀምርለት ዓይኑ ክድን ክድን ይላል። የሦስት ወር ሙሽራ ናት፤ ባሏ ግን ከእሷ ጋር እየተቀመጠ ከእሷ ጋር የለም።

ሌላም ነገር ታዘበች። አምሳሉ ሞተር ብስክሌት ልግዛ ቢል እናቱ አልቅሰው አስተዉት። ወደ ማድ ቤት ብቅ ሲል ከእሳቱ ራቅ በል ብለው ይመልሱታል፤ ሚስቱ አጠገብ እንዳይቆም ይመስላል። ወር በገባ ቁጥርም ዘመድ ልጠይቅ ብለው አማኑኤል ከተማ ይሄዳሉ። ዘመዱ ማን እንደሆነ ተናግረው አያውቁም። ሲመለሱ ያ ጥቅል መቀነታቸው ውስጥ አለ።

ጭንቀቱ ሲበዛባት ሮብ ገበያ ላለችው እህቷ ለሂዊ ደወለች። ነገሩ ሂዊን አልገረማትም። አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ያላት እናት እንዲህ ታደርጋለች፤ አማኑኤል ያለውም ዘመድ ሳይሆን መድኃኒት አድራጊ ነው አለቻት።

«መስተጻልዕ ነው። ባልና ሚስት የሚያጣላውን ነው የምታስነካው» አለች። «አንቺ ከሥር ሆነሽ ለውዝ ፍጪላት፤ እሷ ባልሽን በከረሜላ ትቀማሻለች።»

ወንጌላዊት ጠዋት ኪዳነ ምሕረት ሄዳ ተሳለች። ትዳሬን አትርፊልኝ አለቻት። በዚያው ቀን አማቷ ከረሜላውን ለሱቆቹ ሊያደርሱ ሲወጡ ምንም የሌለባት አንዲት ድብልብል አነሳች፤ ግማሽ ለውዝ ለጠፈችባትና ከሳህኑ አኖረቻት። ያቺኛዋን መጸዳጃ ጉድጓድ ከተተቻት።

አምሳሉ እናቱ ከመመለሳቸው በፊት በላ። ምንም አልሆነም። በማግስቱም ቀየረች፤ በሦስተኛውም ቀን።

በአራተኛው ቀን ባሏ ተመለሰላት። ራት ቀርቦ እስኪቀዘቅዝ የተማሪ ቤት ጨዋታ ሲያወራ አመሸ። ድካሙ የት እንደገባ እሱም ገረመው። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ብቻ አልሳቁም። እንዴት ዋልክ ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁት። ወዲያው ወደ ምራታቸው ዞሩ።

«ያቺን በልቷታል?»

«ሙልጭ አድርጎ፣ እማማ» አለች ወንጌላዊት።

ቅዳሜ ረፋድ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ማኅበር ሄዱ። አምሳሉ ፎቶ ኮፒ ቤቱን ዘግቶ መጣና ማድ ቤት ገባ። የሚመልሰው አልነበረም። ከከሰል ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ማንኪያ ያዘ፤ ድብልብሎቹን እየነከረ አንዱን ትሪው ላይ፣ አንዱን አፉ ውስጥ ያደርጋል።

«ሽማግሌ ልከህ ያገባኸኝ ቸኮሌት ልትልስ ነው እንዴ?» አለችው።

«ቤተሰቦችሽ ቢቀምሱት ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ባልተመላለሱ ነበር። ያኔውኑ ነበር ቃል የሚያስሩልኝ።»

ሳቀች። ሁሉን ዛሬ እነግረዋለሁ ብላ ቆረጠች፤ ራሱ ሰምቶ ራሱ ይፍረድ።

«አምሳሉ፣ አንድ ነገር ልንገርህ።»

ማንኪያው ከእጁ ወደቀ። ዓይኑ ወደ ላይ ተገለበጠ፤ ሰውነቱ ተገተረ። ከዚያ እንደ ግንድ ተዘረረ፤ ጭንቅላቱ ምድጃውን በስንዝር ሳተው። ወለሉ ላይ ይንፈራገጥ ጀመር፤ ከአፉ አረፋ ወጣ።

ጩኸቷን የሰሙት ገና ከማኅበር እየተመለሱ የነበሩት አማቷ ናቸው። እየሮጡ ገቡ። ወንጌላዊት በእሳቸውና በባሏ መሀል ቆመች። እርስዎ ማለቱ ጠፋት።

«ገደልሽው!» አለች። «ልጅሽን ምን ስታበዪው ነው የከረምሽው? ያን ነጭ ዱቄት አይቼዋለሁ። ከሰኞ ጀምሮ እየጣልኩብሽ ነው፤ ዘገየሁ እንጂ!»

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ገፋ አድርገዋት አለፉ። ምድጃውን በእግራቸው ገፉት። ተንበርክከው ልጃቸውን በጎኑ አዞሩት፤ ነጠላቸውን አጣጥፈው ከጭንቅላቱ ሥር አደረጉ፤ የሸሚዙን ቁልፍ ፈቱ። መንፈራገጡ እስኪበርድ ድረስ ግንባሩን ይዘው ቆዩ።

«ጸበሉ ፈውሶኛል ብሎ የሚጥለውን በሽታ ክኒን ከተወ ሰባት ዓመቱ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «እኔ ግን በከረሜላ ደብቄ ሳበላው፣ እስከ ሰኞ ድረስ ሳይውጠው ያደረበት አንድ ቀን አልነበረም።»