የሱሪው ጉልበት

እናቱን በጥፊ የመታ ሰውዬ ንስሐ ሲገባ፣ የንስሐ አባቱ የሰጡት ቀኖና በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ በቀን አርባ አንድ ስግደት፣ ለአርባ ቀን ነበር። ሦስት ቀን ሰገደ። በአራተኛው ቀን "ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ አቧራ ጠገበ" ብሎ ቀረ።

በአርባኛው ቀን ሱሪውን አስተኩሶ "ጨረስኩ" ሊል መጣ። እሑድ በቁርባን ሊያገባ ነው፤ ቄሱ ካልፈቱት ሠርጉ ይቀራል።

ቄሱን ጓሮ ሲሰግዱ አገኛቸው። ግንባራቸው አፈር ነክቷል፤ በተነሡ ቁጥር እግራቸው ይንቀጠቀጣል። "ይህ ነው እኔን የሚገሥጸኝ!" አለ በልቡ።

"አባ፣ እርስዎ ደግሞ ምን ቢበድሉ ነው?"

"የእኔ አይደለም፣ ልጄ። አንድ የንስሐ ልጄ ደክሞት ተወው፤ እኔ እየሰገድኩለት ነው።"

"ወይ ሰነፍ! ስንት ቀን ቀርቶበት ነው?"

"ሠላሳ ሰባት። ዛሬ አለቀ።"

ቄሱ የመጨረሻዋን ሰገዱ፤ ግድግዳ ተደግፈው ተነሡና መስቀላቸውን ዘረጉለት።

"እግዚአብሔር ይፍታህ።"

ተሳለመና ወጣ። በሱሪው ጉልበት ላይ አንዲት ቅንጣት አቧራ አልነበረችም።