ማንም ያልተናገረውን የተረጎመችው ሴት

«ሹሩባዬን ቅባት በቅባት አደረጋችሁት እኮ!»

ሔርሜላ የታካሚዋን ቀልድ ተረጎመችው። ሐኪሟ ኢንግሪድ ሳቀች።

ኦስሎ፣ ግሩነርሎካ ሰፈር... መስኮት የሌለው ጠባብ የሕክምና ክፍል።

ሔርሜላ ቶልክ ናት፤ አስተርጓሚ። የተማረች፣ ዓይነ አፋር ሴት።

ወንበሩ ላይ ያሉት እትዬ እታገኘሁ የዚያው ከተማ፣ የሮመን ሰፈር ነዋሪ ናቸው። ከሊቢያ እስር ቤት ከወጡ ጀምሮ እንቅልፍ የላቸውም።

ራሳቸው ላይ በቅባት ሽቦ ተለጥፎ ፊልም ያያሉ። አንጎላቸው ሲረጋጋ ስክሪኑ ይደምቃል... ሲረበሽ ይጨልማል። ሕክምናው ኒውሮፊድባክ ይባላል።

የቶልክ ደንብ ጥብቅ ነው። ታካሚው «እኔ» ሲል እሷም «እኔ» ትላለች። የተባለውን ሁሉ ትተረጉማለች፤ ከራሷ አትጨምርም።

ሔርሜላ ለዓመታት የተደበቀችው በሰዎች «እኔ» ውስጥ ነው።

እሷም በዚያው በሊቢያ በኩል ነው የመጣችው። ለባሏ ግን «በአውሮፕላን መጣሁ» ብላዋለች...

ድንገት ስክሪኑ ጨለመ።

«አሁን ምን ታወሰዎት?» አለች ኢንግሪድ።

ሔርሜላ ተረጎመች።

እትዬ ዝም...

ሔርሜላን ክፍሉ ጠበባት። አየሩ አለቀባት።

ሔርሜላ በኖርዌጅኛ ጀመረች። «የብረት በር... ከውጭ ይቆልፉታል። እህቴ እቅፌ ውስጥ ሞታ፣ እስኪነጋ ብጮህ የከፈተልኝ የለም...»

ኢንግሪድ ዓይኗ እንባ አቅርሮ መጻፍ ጀመረች።

እትዬ ዞር አሉ። «ልጄ፣ እኔ እኮ አፌን አልከፈትኩም! ምን እያልሻት ነው?»

«ምን አሉ?» አለች ኢንግሪድ።

ሔርሜላ ቶሎ አሰበች።

«ደክሞኛል አሉ» ብትል ማን ያውቃል? ግን ሴትዮዋ በሰው ቁስል ሊታከሙ ነው...

እውነቱን ብትናገር ደግሞ ምስጢሯም ሥራዋም...

«‹አፌን አልከፈትኩም› ነው ያሉት» አለች። «ልክ ናቸው። የሞተችው... የእኔ እህት ናት።»

ኢንግሪድ የጻፈችውን ሰረዘች።

ሔርሜላ አንገቷን ደፍታ ለእትዬም በአማርኛ ነገረቻቸው፤ ባሏ እንኳ እንደማያውቅ ጭምር። «ይቅርታ... የእርስዎን ሰዓት ወሰድኩ።»

እትዬ ከነሽቦአቸው እጇን ሳብ አደረጉ።

«የምን ይቅርታ? እኔ እዚህ እየታከምኩ አንቺ ቆመሽ ትሞቻለሽ? ነይ ተቀመጪ!»

እንባዋን በነጠላቸው ጠረጉላት።

«ደሞ ዛሬውኑ ለባልሽ ንገሪው። ለፈረንጅ የተናገረ አፍ ለባል ሊያፍር ነው?»

ሔርሜላ እያለቀሰች ሳቀች... የእትዬን የመጨረሻ ቃል ግን ለኢንግሪድ አልተረጎመችም።

ወዳጆቼ... በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። የሌላውን ሕመም ቀኑን ሙሉ ስለተሸከምን የራሳችን አይድንም።

ያን ዕለት ማታ ሔርሜላ ለባሏ ነገረችው።

እናንተ በእሱ ቦታ ብትሆኑ መጀመሪያ ምን ትሏት ነበር? «ለምን ዋሸሽኝ?» ወይስ «እህትሽ ማን ትባል ነበር?»

ከልባችሁ ጻፉልኝ...